የመበለቶቹ ማዕድና የቋንቋ ትምህርት

(በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የቋንቋ መምህራን ስም፣ ለማኅበረ ምእመናን ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ወደዚህ ስብሰባ ስንጋበዝ አንድ ጥያቄ ቀድሞን ደርሶ ነበር። የጻፉት ከየማኅበረ ምእመናኑ የተውጣጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ሳናለዝበው ስናቀርበው እንዲህ ይላል፦ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ከእናቶች መቀነት ተፈትቶ የመጣ ገንዘብ፣ አንድ ወጣት የግሪክ ግሥ እንዲያረባ ለምን ይውላል? የአራቱን ዓመት ሥልጠና ወደ ሁለት አሳጥረን፣ ዕብራይስጡንና ግሪኩን ትተን፣ የተረፈውን ለእህልና ለውኃ ጕድጓድ ብናደርገው አይሻልም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የትምህርት ርዳታ የሚደረግላቸው ተማሪዎች ሲመገቡና መጽሐፍ ሲገዙ በእናንተ መባ እንደ ሆነ እናውቃለን። ስለዚህ «ግሪክ ክቡር ቋንቋ ነው፤ ሰውን ሊቅ ያደርጋል» ብለን አንመልስም። ለክብር ከሆነ ይቅር። መልሳችንን ከእህል ክፍፍል እንጀምራለን።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አስታውሱ። በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ለመበለቶች ምግብ ታድል ነበር። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ማጕረምረም ተነሣ፤ የአንደኛው ወገን መበለቶች ሳይደርሳቸው ይቀራል ተባለ። እዚህ ያላችሁ የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ዓይነት አቤቱታ ከመጋዘን በር ላይ ሳትሰሙት አትቀሩም። ታዲያ ሳይደርሳቸው የቀሩት እነማን ነበሩ? በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ሰዎቹን በመጡበት አገር ይለያቸዋል፤ ከግሪክ አገር የመጡ አይሁድ ያደርጋቸዋል። የግሪኩ ጽሑፍ ግን «ሄሌኒስታይ» ይላቸዋል። አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት ቃሉ ይልቁን የሚያመለክተው ቋንቋን ነው፤ በግሪክኛ የሚነጋገሩ አይሁድ ማለት ነው። በሌላው ወገን ያሉት አረማይክ የሚናገሩት ናቸው። ሁለቱም አይሁድ ናቸው፤ ሁለቱም በክርስቶስ አምነዋል፤ በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ ከአንድ ማዕድ ይበላሉ።

እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ተመዝግቦ የምናገኘው የመጀመሪያው የርዳታ አሰጣጥ ችግር የቋንቋን ድንበር ተከትሎ የመጣ ነው። አዳዮቹ ክፋት አስበው እንደ ነበር መጽሐፉ አይናገርም። በእኛም ዘመን እንደምናየው፣ የሚያድል ሰው የሚሰማውን ልመና ይሰማል፤ የሚያውቀውን ስም ይጠራል፤ ንግግሯ ያልገባው መበለት በሰልፉ መጨረሻ ትቀራለች። ሐዋርያቱ ለዚህ መፍትሔ ብለው ጉባኤው ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና ኒቆላዎስ። ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ይሁን እንጂ የተበደሉት መበለቶች ቋንቋቸውን የሚሰማ ሰው ሳያገኙ አልቀሩም ብለን እናምናለን።

በዚያው ምዕራፍ ሌላ ነገር አለ፤ ይህም ለእናንተ ሥራ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። የየቀኑ የምግብ እደላ በግሪኩ «ዲያኮኒያ» ይባላል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ሐዋርያቱ ራሳቸውን የሚሰጡለት የቃሉ ሥራም «ዲያኮኒያ» ተብሏል። ዲያቆን የምንለው ስም ከዚሁ የመጣ ነው። ወጥ መጨለፍና ቃሉን መስበክ በአንድ ስም ተጠሩ። አማርኛው እዚህ ላይ ታማኝ ነው፤ ሁለቱንም በ«አገልግሎት» ያስኬዳቸዋል። ብዙ ተማሪዎቻችን የሚያጠኑበት አንድ የታወቀ የእንግሊዝኛ ትርጕም ግን የመጀመሪያውን «ማደል» የሚል ትርጕም ባለው ቃል፣ ሁለተኛውን «ሚኒስትሪ» በሚለው ቃል ስላስቀመጣቸው ዝምድናቸው ከአንባቢው ዐይን ተሰውሯል። ትርጕሙ ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም፤ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ግልጽ ነው። ነገር ግን መንገዱ እንግሊዝኛ ብቻ የሆነ ተማሪ ሁለት ዓይነት ሥራ ያያል፤ አንዱ የመድረክ፣ ሌላው የመጋዘን። ተመርቆ ሲወጣም ያንኑ ያስተምራል። ከዚያም የማኅበረ ምእመናኑ ሽማግሌዎች ስንዴ የሚያከፋፍለውን ሰው «መንፈሳዊ ሥራ የሌለው» ይሉታል።

ይህ መለያየት በአገራችን ብዙ ያነጋገረ ነው። በ1972 (በዚህ ንግግር የቤተ ክርስቲያንንና የትርጕም ታሪክን ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር እንጠቅሳለን) የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ፣ ረጂዎች ለልማት ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ስብከት መንፈጋቸውን ነቅፋ፣ ሰው ሙሉ ሰው ስለ ሆነ ሁለቱ እንዳይነጣጠሉ ጠይቃ ነበር። የዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ በ1979 የተገደሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ደብዳቤው ለውጭ አገር ሰዎች የተጻፈ ቢሆንም ለእኛም ይሠራል፤ እኛ ደግሞ በተቃራኒው እህሉን አስበልጠን ትምህርቱን ለመንፈግ እንፈተናለን።

ከሰባቱ አንዱ የሆነውን ፊልጶስን ሁለት ምዕራፍ አልፈን በጋዛ መንገድ ላይ እናገኘዋለን። ማዕድ እንዲያገለግል የተሾመው ሰው በሠረገላ ላይ ለተቀመጠው ጃንደረባ መጽሐፍ ይተረጕማል። (የህንደኬ መንግሥት በዛሬይቱ ሱዳን የነበረው የሜሮዌ መንግሥት እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ በመጻሕፍት ኢትዮጵያ የተባለው ያ ሁሉ አገር ነው።) ሉቃስ የጠቀሰው የኢሳይያስ ቃል ከዕብራይስጡ ይልቅ የሚስማማው ከሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጕም ጋር ነው። በዚያ ሠረገላ ላይ ጽሑፍ ነበረ፤ የሚያነብብ ሰው ነበረ፤ የጎደለው የሚያስረዳ ነበር። ያ የሚያስረዳ ሰው የመጣው ከእህል ክፍፍሉ ነው።

መባ ስለምትሰበስቡ ደግሞ ይህን እንጨምር። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድኾች ገንዘብ ሲያሰባስብ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እና 9 ያንን ገንዘብ በምን በምን ስም እንደ ጠራው ተማሪዎቻችን እንዲቈጥሩ እናደርጋቸዋለን። «ካሪስ» ይለዋል፤ ጸጋ ማለት ነው፤ በዚያው ምዕራፍ ስለ ጌታችን ጸጋ የተናገረበት ቃል ነው። «ኮይኖኒያ» ይለዋል፤ ኅብረት ማለት ነው። «ዲያኮኒያ» ይለዋል። «ኤውሎጊያ» ይለዋል፤ በረከት ማለት ነው። «ሌይቱርጊያ» ይለዋል፤ ቅዳሴ የምንለው አምልኮ በግሪኮቹ ክርስቲያኖች ዘንድ የሚጠራበት ስም ነው። በእነዚህ ሁለት ምዕራፎች ዐይኑን ተክሎ አንድ ሳምንት የዋለ ተማሪ ስለ መባ ሲሰብክ ሰውን አያስጨንቅም፤ የማባበልም ፍላጎት አይኖረውም። የቃሎቹ ክብደት ይበቃዋል።

የራሳችን «ምጽዋት» የሚለው ቃልም ታሪክ አለው። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት ቃሉ ወደ ግዕዝ የገባው ከአይሁድ አረማይክ ሲሆን፣ ዘመዱ የሆነው የዕብራይስጥ ቃል «ሚጽዋ» ትርጕሙ ትእዛዝ ነው። በሰፈራችን ምጽዋት የሚባለው ከእጅ የተረፈ ሳንቲም ነው። ሥሩ ግን የታዘዘ ነገር ነው። «ሃይማኖት» እና «ኦሪት» የሚሉት ቃላትም ከዚያው ከአረማይክ ወገን የመጡ ናቸው፤ «ወንጌል» ከግሪክ ነው። የምንጸልይበት ቋንቋ ከብዙ ጕድጓድ የተቀዳ ነው።

አሁን ትምህርቱ እንዴት እንደሚካሄድ ጥቂት እንንገራችሁ፤ ብዙዎች ከሚገባው በላይ ይፈሩታልና።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ዕብራይስጥ እንግዳ አገር አይደለም። ፊደሉ ሃያ ሁለት ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ መነበቡ ለመጀመሪያው ወር ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ ደም፣ ልብ፣ ዐይን፣ ቤት፣ ነፍስ፣ መልአክ የሚሉትን ቃላት ትንሽ ድምፃቸው ተለውጦ ሲያገኛቸው ተማሪው ዘመዱን በገበያ ያገኘ ያህል ይስቃል። ግሡ በሦስት ፊደል ሥር ላይ መቆሙም እንደ ግዕዝና እንደ አማርኛ ነው። የአውሮፓ ተማሪ ይህን ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል።

ከዚህም በላይ ዕብራይስጥና ግዕዝ አብረው ሲጠኑ የራሳችን ፊደል ይገለጣል። በአማርኛ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ሀና ሐና ኀ በድምፅ አንድ ሆነዋል። በግዕዝ ግን «ሰረቀ» ሌባው የሠራው ነው፤ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። «ሰአለ» ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው። «አመት» ገረድ ናት፤ «ዓመት» ዘመን ነው። ይህን የለመደ ወጣት የቆየ መጽሐፍ ሲያነብብ አይደናገርም።

ግሪኩ ይከብዳል፤ አንደብቅም። ቢሆንም መጠኑ የታወቀ ነው። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ወደ 5,400 የሚጠጉ ልዩ ልዩ ቃላት አሉ። ከእነዚህ መካከል ከ50 ጊዜ በላይ የሚመጡት ወደ 320 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱ ብቻቸውን ከጠቅላላው ጽሑፍ 80 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። በቀን ሁለት ቃል የሚይዝ ተማሪ ከስድስት ወር በማይበልጥ ጊዜ ይጨርሳቸዋል። ይበልጥ ጕልበት የሚጨርሰው እንግሊዝኛው ነው። መጽሐፎቹና መዝገበ ቃላቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለ ሆኑ፣ ከገጠር የመጣው ወንጌላዊ የግሪኩን ቃል ለማወቅ መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ማወቅ ግድ ይሆንበታል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን የሚገባቸውን ያህል የሰዋስው መጻሕፍት እስኪኖሩ ድረስ ይህ ቀንበር አይወርድም። ገንዘብ የሚያስወጣውም በአብዛኛው እርሱ ነው እንጂ ግሪኩ አይደለም።

ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የዕብራይስጡና የግሪኩ ጽሑፍ ከነፍቺው ይገኛል። ደስ ይለናል፤ እኛም እንጠቀምበታለን። ነገር ግን ስልኩ የሚሰጠው የአንዱን ቃል ፍቺ ነው፤ ለአንድ ቃል ስድስት ፍቺ ዘርዝሮ ሲያቀርብ የትኛው በዚያ ቦታ እንደሚስማማ መለየት የሰዋስው ሥራ ነው። ሰዋስው ሳያውቅ ከስድስቱ የወደደውን የሚያነሣ ሰባኪ፣ ምንም ከማያውቀው ይልቅ ያስፈራናል። በየስብከቱ ሦስት የግሪክ ቃል እየጣለ ጉባኤውን የሚያስደንቅ ሰው አይታችሁ ይሆናል። በደንብ የተማረ ሰው መድረክ ላይ ግሪክ ሲያወራ እምብዛም አይሰማም፤ ያገኘውን በአገሩ ቋንቋ ይናገረዋል።

ስለ ግዕዝ ቈም ብለን ልንናገር እንወድዳለን። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ግዕዝ የሌላ ቤት ዕቃ ተደርጎ ይታያል። ይህ በገዛ እጃችን ያመጣነው ድኽነት ነው። ሥላሴ፣ አካል፣ ባሕርይ፣ ጸጋ፣ ቤዛ፣ ስርየት የሚሉትን ቃላት በየሳምንቱ እንናገራለን፤ ያደጉት በግዕዝ ቤት ነው። ሌላው ዓለም እንኳ ዋጋውን ዐውቋል። የይሁዳ መልእክት የሚጠቅሰው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ስለ ሆነ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ሊቃውንት ግዕዝ ይማራሉ። በኩምራን ዋሻዎች የአረማይክ ቍርጥራጮቹ ከተገኙም በኋላ ግዕዙ አልተተካም። በ17ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሲያሳትም መምህሩ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ በ1649 በሮም ተዋውቀው፣ በ1652 ጎታ በምትባል የጀርመን ከተማ አብረው ሠርተዋል። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ተሰብሮ ሞቱ። የኢትዮጵያ ሰው ያስተማረውን ግዕዝ የኢትዮጵያ ወጣት ከጀርመን መጽሐፍ ቢማረው ነውር የለበትም፤ ከመሪጌታው ቢማረው ግን ይቀርበዋል፤ ይረክስለታልም። ከተማሪዎቻችን ጥቂቶቹ እንዲህ እያደረጉ ነው፤ በአንድ ሰፈር ከሚኖሩ የኦርቶዶክስ መምህር ጋር ከሰዓት በኋላ እየተቀመጡ ይማራሉ። መምህሩ መጀመሪያ ምን ፈልገው መጡ ብለው ቢጠራጠሩም፣ ሰዋስው መሆኑን ሲያዩ ተግሣጹን እንደ ራሳቸው ደቀ መዝሙር አደረጉላቸው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጥንቱ ነው። የጥያቄያችሁ ክብደት ያለበት ግን በዛሬው ቋንቋ ላይ ነው።

አናሲሞስ ነሲብ የተወለደው በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ነው። በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ በምጽዋ ነፃ ወጥቶ በአቅራቢያው በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም በስዊድን አገር ነገረ መለኮት አጠና። ወደ አገሩ ሲመለስ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ለመተርጐም ተነሣ። ትምህርቱ ነበረው። ሆኖም ከእናቱ ቤት በልጅነቱ የወጣ ሰው ስለ ነበረ የቋንቋውን ጥልቀት የሚያሟሉለት ሰዎች አስፈለጉት። ያንን ያገኘው ከአስቴር ጋኖ ነው። እርሷም በባርነት የተያዘች፣ በ1886 ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የተለቀቀች ልጃገረድ ነበረች። ቋንቋዋን በአፏ ይዛው ነበር። የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስባ ጻፈች፤ ቍጥሩ ወደ 13,000 ይጠጋል ይባላል። ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑንም መዘገበች። አዲስ ኪዳኑ በ1893 ታተመ፤ ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በ1894 ወጣ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ በባዝል አጠገብ ታተመ።

እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ የቱ ይቅር? የተማረው ሰው ብቻውን ቢሆን ትርጕሙ የትምህርት ቤት ኦሮምኛ በሆነ ነበር። እርሷም ብቻዋን ብትሆን የቃላቱ ሀብት በወረቀት ክምር ላይ በቀረ ነበር። ሰዎች አናሲሞስን ያስታውሳሉ፤ አስቴርን የሚያነሡ ጥቂቶች ናቸው፤ እኛ ግን የቋንቋ ክፍላችንን ስናስተዋውቅ ሁልጊዜ የሁለቱንም ስም እንጠራለን።

ስለዚህ ከተማሪዎቻችን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ዕብራይስጥና ግሪክ የሚማር ሁሉ በእናቱ ቋንቋ የቃላት መዝገብ ይይዛል። በዕረፍት ጊዜ አገሩ ሲገባ ከአያቶች ጋር ተቀምጦ ይጽፋል። የከተማ ልጅ ከሆነና አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሌላ የኢትዮጵያ ቋንቋ ይማራል። በአገራችን ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች አሉ። በመጀመሪያው ዓመት ብዙዎቹ ይህን እንደ ቀላል ትምህርት ያዩታል፤ «የቤቴን ቋንቋ ምን እማራለሁ?» ይላሉ። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል በእናታቸው ቋንቋ ለዕዳ፣ ለበደልና ለደም ለይተው እንዲጽፉ ስንጠይቃቸው ብዕሩ ይቆማል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህ ወደ እናንተም እንዴት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። እንሰት በሚበላበት አገር «እህል አላችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀ መዝጋቢ «የለም» ቢባል፣ ስለዚያ ቤት ረኀብ ገና ምንም አላወቀም። ቆጮው በጕድጓድ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እንሰቱ በበሽታ ደርቆ ቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። «እህል» የሚለው ቃል ሁለቱን አይለይም። በቅጹ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ምልክት ያገኛሉ። የሰባኪውም ጭንቀት ከዚህ አይለይም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ግሪኩ «አርቶስ» ይላል፤ ሕፃኑ የያዘው የገብስ ነበር። አማርኛው «እንጀራ» አለው፤ መልካም አደረገ፤ እንጀራ በአፋችን ኑሮም ነውና፤ «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» እንላለን። ከእንግሊዝኛ ብቻ የሚተረጕም ሰው ግን «ዳቦ» ብሎ ሊያሳጥረው ይችላል። እንሰት ለሚበላው ሕዝብስ ምን ይባል? ግሪኩን ያየ ሰው ቃሉ የየቀኑን ምግብ እንደሚያመለክት ያውቃል፤ አገሩን ያወቀ ሰው ያ ምግብ በዚያ መንደር ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ወይም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መገናኘት አለባቸው።

ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ ስለ ጾም የተነገረውን የማያውቅ በመካከላችን የለም። በአሥረኛው ቍጥር «ነፍስ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ ስለ ሰጪው፣ አንዴ ስለ ተጨነቀው። የዕብራይስጡ «ኔፌሽ» ከሥጋ የተለየ መንፈስ ብቻ አይደለም፤ ጕሮሮም፣ እስትንፋስም፣ ሕያው ሰውም ይባልበታል። የሚራብና የሚጠግብ ነገር ነው። እንግዲህ ነፍስ ማዳንና ማጕረስ በዚያ ቋንቋ ያን ያህል የተራራቁ አይደሉም። አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ሠራተኛ ይህን በክፍላችን ከሰማ በኋላ ደብተሩን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ የጠየቀው ጥያቄ ስለ ሰዋስው ሳይሆን በመንደሩ ለሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚነግራቸው ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በረኀብ ዓመት እህሉ ይቅደም። ይህን ሳንወላውል እንላለን፤ መጽሐፍ መግዣው ለአንድ ዓመት ቢዘገይ እንታገሣለን። ነገር ግን የዘገየና የተሰረዘ አንድ አይደለም። ወንጌላዊ ሁሉ ግሪክ ይማር አንልም፤ ለአብዛኞቹ በእናት ቋንቋቸው የሚሰጥ አጭር ትምህርት ይሻላቸዋል። በየአውራጃው ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ምንጩ ድረስ መውረድ የሚችል ይኑር። የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ የሚጠግን አንድ ሰው በየወረዳው እንዲኖር የምትደክሙት በዚሁ ምክንያት አይደለም ወይ?

ከማኅበረ ምእመናኑ የምንጠይቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ተማሪ ስትመርጡ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱን ብቻ አትዩ፤ በእናቱ ቋንቋ ለሽማግሌዎች ታሪክ መናገር ይችል እንደ ሆነ ስሙት። ተመርቆ ሲመጣም በሳምንት ግማሽ ቀን ከስብሰባና ከሂሳብ ሥራ ነፃ አድርጉት። ግሪኩ የሚጠፋው በስንፍና አይደለም፤ በኮሚቴ ብዛት ነው። ከአራት ዓመት ድካም በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ፊደሉ እንኳ የጠፋበትን መጋቢ እናውቃለን፤ አምስት ኮሚቴ ውስጥ ነው። የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቶችም ቅጽ ከማሳተማችሁ በፊት ለአካባቢው ቋንቋ ተናጋሪ አንብቡለት፤ የቀን አበሉንም በበጀታችሁ ያዙለት።

በመጨረሻም በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። የዘንድሮ ተማሪዎች ኢሳይያስ 58ን ከዕብራይስጡ እየተመለከቱ በየእናታቸው ቋንቋ ያዘጋጁት ረቂቅ ነው፤ በስድስት ቋንቋ ነው። የየቋንቋችሁን ውሰዱ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ጮኽ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ያልገባቸውን ወይም ያሳቃቸውን ቃል ከሥሩ አስምሩበት፤ እነርሱ ቢሆኑ ምን እንደሚሉ በጎኑ ጻፉ። እስከ ጥምቀት ድረስ ለትምህርት ቤቱ መልሱልን። ባለፈው ጊዜ ከተወሰዱት ወረቀቶች ግማሾቹ አልተመለሱም፤ አንዲት አሮጊት ግን የእርሷን ወረቀት በልጅ ልጇ እጅ አሥራ አራት ቃል አስቀይራ ላከችልን፤ ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱን ተቀብለናል።